መርዶ ይዤ እንጦጦ የወጣሁበት ጉዞ

አስቀድሜ ሰዎቹን ልጥራ። እኔ በየነ እባላለሁ፤ የደብረ ሲና አናጢ ነኝ። ባለቤቴ አስካለ ናት፤ በዚህ ጉዞ ከቤት አልወጣችም። ልጄ የሺ ናት፤ አዲስ አበባ ቀበና ያገባች፣ በዚያ ሰሞን የወንድ ልጅ አራስ። ባሏ ታደሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶቿ አቶ ሁሴንና ባለቤቱ ወይዘሮ ከድጃ ናቸው፤ በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሌላው ልጄ መክብብ ነው፤ የየሺ ታናሽ። የሞተው እሱ ነው። የመጨረሻው ሰው ስሙን የማላውቀው ቀልደኛ ነው፤ መጽሐፍ ጽፏል፤ ሽፋኑ ግን ተገንጥሎ ነው ያገኘሁት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በብሔራዊ ውትድርናው ዓመታት ነው። መክብብ በሰሜን ግንባር መሞቱን የነገረን ከመንግሥት የመጣ ወረቀት አይደለም። አብሮት የነበረ ልጅ በክራንች እየተደገፈ ቤታችን መጣና "እኔ ነኝ የቀበርኩት" አለን። ለቅሶ ተቀመጥን። እንደ አገራችን ልማድ ራሴን ተላጨሁ። ከሳምንት በኋላ የየሺ ነገር ተነሳ። መርዶ በደብዳቤ አይላክም፤ ሰው ይዞት ይሄዳል። አስካለ "አንተ ሂድ፤ የእኔ ፊት ገና ከበር ይናገራል። ያንተ ፊት ግን ከድሮም አይታወቅም" አለችኝ።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱንም ከአስካለ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መክብብ አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ ሆኖ ሲማር ምዝገባው መጣ፤ እሷም ቤቷ ደበቀችው። ይህን ስሰማ ጻፍኩለት። "የሌላው ሰው ልጅ ሲሄድ የእኔ ልጅ አልጋ ሥር አይደበቅም" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው በደረሰው በሦስተኛው ቀን ለእህቱ ምንም ሳይነግራት ወጥቶ መጣና ደብረ ሲና ተመዘገበ። የሺ እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ ላይ አፍሰው የወሰዱት ነበር የሚመስላት። እኔ ለአርባ ዓመት እውነት ተናገሩ እያልኩ ልጅም ጎረቤትም ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለት መርዶ ይዤ ነበር የተነሳሁት።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው፤ ደብረ ብርሃንን እስክናልፍ ሰው ሁሉ ጋቢው ውስጥ ነበር። ሸኖ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። አጠገቤ የተቀመጠች የሎሚ ነጋዴ "አባቴ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁት እንጂ፤ ላብዎ ወረደ" አለችኝ። በረደኝ አልኳት። ከመላጨቴ በፊት ባርኔጣ አድርጌ አላውቅም። ይኼንን የተዋስኩት ከጎረቤት ነው፤ ሰፍቶኝ ጆሮዬ ላይ ነበር ያረፈው።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። የይለፍ ወረቀቴ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር "ለቤተሰብ ጉዳይ" ብሎ ነበር የጻፈልኝ፤ መንግሥት ያልነገረው ሞት ማኅተም አይመታበትም ብሎኛል። ጠባቂው "ምን ዓይነት ጉዳይ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። "የልጅ ልጄ ክርስትና" አልኩት። እሱም እውነት ነው፤ እሑድ ሕፃኑ አርባ ቀን ይሞላው ነበር። ጠባቂው ወረቀቱን መለሰልኝና "እንኳን ደስ ያለዎት" አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።

መገናኛ ወርጄ የተሳፈርኩበት የከተማ አውቶቡስ ወደማላውቀው ሰፈር ይዞኝ ሄደ። እኛ አገር መንገድ የጠየቁት ሰው ሥራውን ትቶ ያደርስሃል፤ እዚህ በጣት ነው የሚያሳዩት። በጣት በጣት እየተመራሁ ከሰዓት በኋላ የቀበና ወንዝ ድልድይ ላይ ደረስኩ። ወንዙን በወንዝነቱ አልወቅሰውም፤ የሚወቀሰው ቆሻሻውን የሚጥልበት ሰው ነው።

መርዶ የያዘ ሰው በመጀመሪያ የሚገባው ጎረቤት ቤት ነው። አቶ ሁሴንን ሱቁ ውስጥ በርበሬ እየመዘነ አገኘሁት። ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኩት። አንደኛውን መርዶ ብቻ። "ኢና ሊላሂ" አለና የሱቁን አንድ መዝጊያ ገፋ፤ መዝጊያው መሬት ይዞት እየተንቋቋ ተዘጋ። ወይዘሮ ከድጃ ከጓዳ ወጥታ ሰማች። በሻርፗ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ አቆመችና ፊቷን ጠረገች።

"ጋሽ በየነ፣ ይስሙኝ። አራስ ናት። እሑድ እስክትወጣ ድረስ አንዲት ቃል እንዳታመልጥዎት። ወተቷ ይደርቃል።"

"ልዋሽ?"

"ይዋሹ። ኃጢአቱን ለኔ ይስጡኝ።"

የሺ ስታየኝ ሕፃኑን እንደያዘች ተነሳች። እንዲህ ስትደሰት ያየኋት ከሠርጓ ወዲህ አልነበረም።

"አባባ፣ ለክርስትናው ብለው ነው የመጡት? እማማስ?"

"ጉንፋን ይዟት ቀረች።"

"ይኼ ባርኔጣስ ከመቼ ጀምሮ ነው? የቀበሌ ሊቀመንበር መስለዋል እኮ።" ሳቀች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከመክብብ ደብዳቤ መጣ?" አለችኝ።

"ደህና ነው" አልኩ።

የእሷ ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ እኔ እነ አቶ ሁሴን ዘንድ አደርኩ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። ቀበሌ ያከራያቸው ያችኑ ሁለት ክፍል ነው። ባርኔጣዬን እንዳደረግኩ ተኛሁ።

ዓርብ

ጾም ነው። ወይዘሮ ከድጃ ሽሮ የሠራችልኝ ከክርስቲያን ጎረቤት በተዋሰችው ድስት ነው፤ የራሷን ድስት ሥጋ ነክቶት ይሆናል ብላ። እኔ አልጠየቅኋትም። እኛ አገር እንግዳ የቀረበለትን ይበላል፤ ድስቱ የማን እንደሆነ የሚያስብለት ሰው አላጋጠመኝም ነበር።

እጄ ሥራ ሲፈታ አእምሮዬ መጥፎ ቦታ ስለሚሄድ የሱቁን መዝጊያ ነቅዬ ታችኛውን ጠርዝ መላግ ጀመርኩ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ እንጨቱ ሳይደርቅ በር ይሠራሉ፤ ከዚያ በሩ ለምን ጠመመ ይላሉ።

ስሠራ ከሚዛኑ በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ መጽሐፍ አየሁ። አቶ ሁሴን ደንበኛ በመጣ ቁጥር አንድ ቅጠል ገንጥሎ በርበሬ ይጠቀልልበታል። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት ሁለት ወር ነው፤ የቀረውን ንባብ የተማርኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ስለሆነ የታተመ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። አወረድኩት።

"ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?"

"የቀልደኛ ነው" አለ አቶ ሁሴን። "ሠርግ ቤትና ቀበሌ አዳራሽ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ እኔም ሆዴን ይዤ ስቄበታለሁ። በኋላ የኑሮ ምክር ብሎ ይኼን ጻፈ፤ የገዛው ሰው ግን አልነበረም። በኪሎ ነው ያገኘሁት።"

"ቀልደኛ ደግሞ ምን ይመክራል?"

"ቁም ነገረኞቹ የመከሩንን ሁሉ አየነው አይደል፣ ጋሽ በየነ።"

መዝጊያውን ትቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ብዙው የማይረባ ነው። ከሚስት ጋር ሲጣሉ መጀመሪያ እንጀራው የት እንዳለ ማወቅ፣ ከአለቃ ፊት ሳል ሲመጣ እንዴት እንደሚዋጥ፣ እንዲህ ያለ። ገጹን ስገልጥ ግን ይህን አገኘሁ፤ ቃል በቃል ገልብጬ ይዤዋለሁ።

"መጥፎ ወሬ ይዘህ ሰው ዘንድ ከሄድክ ተቀመጥ። ቆሞ የሚያወራ ሰው አንድ እግሩ በር ላይ ነው። እኔ ዶሮዋ መሞቷን ለአክስቴ ቆሜ ነግሬያት እስከ ዛሬ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ከተናገርክ በኋላ ምክር አትስጥ። ለሚያለቅስ ሰው ምክር አፍንጫው ለተዘጋ ሰው እንደ ሽቶ ነው። ውሃ ስጥ። መጥፎው ወሬ ሁለት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጨርስ። ጥርስ ነቃይ ግማሹን ነቅሎ ሌላውን ነገ ና ቢልህ ትመለሳለህ?"

ከዚያ ቀጥሎ "ሁለቱንም ከተናገርክ በኋላ ግን" ይላል፤ ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ቀጣዩ ቅጠል የለም።

"አቶ ሁሴን፣ ይኼ ቅጠል የት ሄደ?"

አጎንብሶ አየው። "ትናንት ይሆናል። ሩብ ኪሎ በርበሬ ይዞ ሄዷል።"

"ማን ወሰደው?"

"ጋሽ በየነ፣ እስካሁን ወጥ ውስጥ ገብቷል።"

ከንባቤ ሁሉ የተማርኩት ሰውን ማረም ነበር። ሰው ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ እነግረዋለሁ። መክብብ በሕፃንነቱ ከጣራ ወድቆ እጁ ሲሰበር መጀመሪያ ያልኩት "አትውጣ ብዬህ አልነበረም" ነው። ይህን ከሃያ ዓመት በኋላ ያሳሰበኝ አንድ የበርበሬ መጠቅለያ መሆኑ ደስ አላሰኘኝም፤ ግን እውነት ነው።

ያን ቀን ስለ ሁለተኛው መርዶ ለአቶ ሁሴን ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ሚዛኑን ሲያስተካክል ቆየ።

"ይተዉት" አለኝ በመጨረሻ። "ለማን ይጠቅማል? የሞተውን አይመልስ።"

"ከሌላ ሰው ብትሰማውስ?"

"ከማን? እርስዎና እናቷ ብቻ ናችሁ የምታውቁት።"

"እኔ አውቃለሁ" አልኩት።

ቅዳሜ

ታደሰ በጠዋት ከመንገድ ገባ። አቶ ሁሴን ሱቁ ውስጥ ወስዶ ነገረው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የሺ ስትጠይቀው "የአሰብ መንገድ አቧራ ነው" አላት። በዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እሷን ለማዳን ይዋሽ ነበር፤ የምታውቀው ነገር የሌላት እሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህም ደስተኛዋ እሷ ብቻ ነበረች።

የሺ ሕፃኑን እንጦጦ ማርያም ላጠምቅ ብላ ተስላ ነበር። ጥምቀቱ ማለዳ ስለሆነ ከዋዜማው ወጥተን እዚያው ማደር ነበረብን። ሱቁን ዘግተው አቶ ሁሴንና ወይዘሮ ከድጃም አብረውን ተነሱ። "ስትሰማ ሰው ያስፈልጋታል" አለችኝ ወይዘሮ ከድጃ ለብቻዬ። ለየሺ ግን "የእንጦጦን ንፋስ ናፍቄ ነው" አለቻት።

ተራራው ግርጌ ለየሺ በቅሎ ተከራየን። በቅሎዋ ሦስት ጊዜ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። በሦስተኛው አቶ ሁሴን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ እኛም ደክሞናል፤ ግን ማን ይስማን" አላት። የሺ እየሳቀች ልትወድቅ ነበር። ሽቅብ ስንወጣ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የእኛ ተራራ ዳገቱ ከዚህ ይብሳል፤ ግን ጽድና ኮሶ አለበት። እንጦጦ ከላይ እስከ ታች ባሕር ዛፍ ነው፤ ብርዱም እንደ እኛ ጉም ለብሶ ሳይሆን ራቁቱን ነው የሚመጣው።

ያሳደሩን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ የታደሰ የእናቱ ዘመድ። የገብስ ቂጣና የተቀቀለ ድንች አቀረቡልን። የሺ ልጁን ስታጠባ "መክብብ ቢኖር ይኼን ሁሉ መንገድ ሕፃኑን በትከሻው ይዞ ይወጣ ነበር" አለች። ባልቴቷ ምንም ስለማያውቁ "ወንድም አለሽ እንዴ፣ ልጄ?" አሏት። "አለኝ" አለች። ማንም ቀና አላለም።

እሑድ

ዕቅዳችን ይህ ነበር። እኔ ከግቢው ውጭ፣ ከአቶ ሁሴንና ከወይዘሮ ከድጃ ጋር እቆያለሁ፤ ውስጥ ባርኔጣ አይደረግምና ለየሺ እግሬን አሞኛል እላታለሁ። ጥምቀቱ አልቆ ሲወጡ ሁላችንም ባልቴቷ ቤት ተቀምጠን እንነግራታለን። እስከ በሩ ድረስ ግን አብሬያት ሄድኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እኔን የመሰለ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስደርስ ጋቢዬን ከራሴ ላይ ገልጬ ተሳልሜ ነው የማልፈው። ሳላስበው እጄ ወደ ባርኔጣው ሄደ። አውልቄ ጎንበስ አልኩ፤ የበሩን መቃን ሳምኩ። ቀና ስል የሺ ከኋላዬ ቆማ ራሴን ታያለች።

"አባባ፣ ፀጉርዎ" አለች።

ባርኔጣውን መልሼ ልደፋ እጄን አነሳሁ።

"እማማ ናት?"

"እናትሽ ደህና ናት።"

ሌላ ስም አልጠራችም። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አጠበቀችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ታደሰ ክንዷን ሊይዝ ሲል ገፋችው።

"መጀመሪያ ልጄ ይጠመቅ" አለች። "እዚህ አላለቅስም።"

ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምደብቀው ነገር አልነበረም። ጸሎቱ ረጅም ነው። ካህኑ ሕፃኑን ውሃ ውስጥ ሲያስገባው ጮኸ፤ እሷ እንባ አልወጣትም። ቅባቱን ሲቀባ፣ ማዕተቡን ሲያስር፣ ሁሉንም ቆማ ጨረሰች። ስለ ጽናት ብዙ ሰብኬ አውቃለሁ፤ ጽናት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ስትወጣ ባልቴቷ ቤት አልደረሰችም። ከግቢው በታች ዛፎቹ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ንገሩኝ" አለች። ሌሎቹ ቆሙ። እኔ መጽሐፉን አስታወስኩና ከፊቷ ተቀመጥኩ።

አሟሟቱን ጓደኛው እንደነገረን ነገርኳት። የት እንደተቀበረ፣ ማን እንደቀበረው። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ አቶ ሁሴን ከኋላዋ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ አቁም ይለኝ ነበር።

"የሺ፣ ሌላም አለ። አፍሰው አይደለም የወሰዱት። እኔ ጽፌለት ነው የመጣው።"

የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገርኳት።

የሕፃኑን ነጠላ አስተካከለች። "አልጋ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ቀን እዚያ ነው ምሳውን የሰጠሁት። ሲወጣ ጫማውን እንኳ አላሰረም፤ ሳሙና ልገዛ ነው አለኝ።"

"አላወቅኩም ነበር።"

"ይኼን ሳይነግሩኝ መሄድ ይችሉ ነበር።"

"እችል ነበር።"

"ምነው በሄዱ።"

ከዚያ ጮኸች። ወይዘሮ ከድጃ መሬት ወርዳ አቀፈቻት፤ አቶ ሁሴን ሕፃኑን ተቀብሎ ወደ ዛፎቹ ራቀ። አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ፦ ስለ አገር ግዴታ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ የሌሎች ሰዎች ልጆችም መሞታቸው። ሁሉንም ዋጥኩት። ከባልቴቷ ቤት እንስራ በጣሳ ውሃ ቀድቼ አቀረብኩላት። ከእጄ አልተቀበለችም። ወይዘሮ ከድጃ ጣሳውን ከእኔ ወስዳ አጠጣቻት።

ሰኞ

እሑድ ማታ ቀበና ስንመለስ የግቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ለቅሶው ሲመሽ አልተበተነም። ጠዋት ልሰናበት ክፍሏ በር ላይ ቆምኩ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ስሟን ጠራሁ። ሕፃኑ ነቃ እንጂ እሷ አልዞረችም።

አቶ ሁሴን እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ልከፍለው ብል እጄን መለሰው።

"የነገርኩዎት ይሻል ነበር" አለኝ።

"ምናልባት።"

"አሁን ቀልደኛውን ይረግሙታል?"

"አልረግመውም። ምክሩ ልክ ነው። እኔ ነኝ ዘግይቼ ያነበብኩት።"

በመንገዱ ላይ ምንም አልሆነም። ኬላው ላይ ሌላ ጠባቂ ነበር፤ ወረቀቱን አይቶ አሳለፈኝ። ጣርማ በርን ስንወርድ ጉም ነበር። አስካለን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "ነገርካት?" አለች። "ሁለቱንም" አልኩ። ውሃ ሰጠችኝ።

የሺ ለመክብብ አርባ መጣች፤ አቶ ሁሴንና ወይዘሮ ከድጃ ይዘዋት መጡ። ከእናቷ ጎን ተቀመጠች፤ ሦስት ቀን ስትቆይ እኔን ሰላም አላለችኝም። ለእናቷ ግን "እሳቸው ራሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ሳሙና ልግዛ ሲለኝ እንዲወጣ የተውኩት እኔ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር" ብላታለች። አስካለ ይህን የነገረችኝ እንድጽናና ብላ ነው። ተጽናንቻለሁ ማለት አልችልም፤ ሸክሙ የእኔ ስለሆነ ከእሷ ላይ መውረዱ ግን ተገቢ ነው።

ወደ እንጦጦ ሄደው የማያውቁ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ስንት ብር እንደፈጀ ይጠይቁኛል። አውቶቡሱ ደርሶ መልስ፣ በቅሎዋ፣ ሻማውና ለካህናቱ የተሰጠው ሲደመር ሠላሳ አንድ ብር ነው። አቶ ሁሴንና ወይዘሮ ከድጃን ሦስት ቀን ዝግ ሱቅ፣ ታደሰን አንድ የሥራ ጉዞ አስወጣቸው። አስካለን አንድ ልጅ፤ የሺን አንድ ወንድምና አንድ አባት፤ እኔን ሁለት ልጆች።